የልብስ ሰፊው ኮምፒውተር አልነሳ አለ

ልብስ ሰፊው ማብሪያውን ሲጫን ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ዝም። አጠፋው፣ አበራው፤ ያው ሦስቴ ጢጥ። ስክሪኑ ጭልም እንዳለ ነው። በንዴት ሳጥኑን በመዳፉ ደለቀው።

"አንተን ብዬ!" አለው። ብቻውን መኖር ከጀመረ ወዲህ ከዕቃ ጋር ማውራት ለምዶበታል። ከስፌት መኪናው ጋር ይጨቃጨቃል፤ ከመቀሱ ጋርማ ከተኳረፉ ሰንብተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት እህቱ ደውላ፣ "ልጅህን እኮ ብርድ ፈጃት! የተቀጠረችበት ከተማ ውርጩ አይጣል ነው፤ እሷ ደግሞ በስስ ሹራብ ትዞራለች" አለችው። እሱና ልጁ ከተነጋገሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያኔ ሱቁን ተረከቢኝ ሲላት "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቁልፍ ስተክል አልኖርም" ብላ ሻንጣዋን አነሳች። እሱም ደሙ ፈልቶ "ስትወጪ በሩን ዝጊው" አላት። ዘጋችው። ይኸው እስከ ዛሬ ማን ቀድሞ ይደውል ብለው እንደተፋጠጡ ናቸው።

ስለዚህ ካፖርት ሰፍቶ በእህቱ ሊልክላት ወሰነ። ጥቁር ሰማያዊ ወፍራም ጨርቅ አለው፣ ገበርም አለው። የሌለው ልክ ነው። ልክ ለመጠየቅ መደወል አለበት፤ እሱን ደሞ ሞቼ ነው ቆሜ ብሏል። ግን ልኳ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ! ተማሪ እያለች የደንበኛውን ሁሉ ልክ ቁጭ ብላ የጻፈችው እሷ ናት፤ የራሷንም ጨምራ። ከሄደች ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ሲቸግረው ከመንገዱ ማዶ ራዲዮ ሠሪውን ጠራ።

"ይሄን ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?" አለ ራዲዮ ሠሪው ገና ከበሩ። "ከኛ ሁሉ ያረጀ ነገር ተገኘ በለኛ!"

"ቀልድህን ተውና ክፈተው።"

ክዳኑ ሲነሳ አቧራው ብን አለ፤ ሁለቱም ተራ በተራ አስነጠሱ። "ከዚህ ብናኝ ብቻ አንድ ኮት ይወጣዋል" አለ ራዲዮ ሠሪው። በብሩሽ ጠረገው። ሜሞሪውን ነቅሎ የሚሰካበትን ጫፍ በላጲስ አሸት አሸት አደረገና መልሶ ሰካው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ገመዱን ሁሉ ነቅሎ ሰካ። አሁንም ጢጥ። ቆየና የገዛ ጣቶቹን እፍ እፍ ማለት ጀመረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ክፍል ሁሌ እንዲህ ይበርዳል?"

"ድሮማ መች ይበርድ ነበር! ካውያው ሲግል ነው የሚውለው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። አሁን ማን ያሰፋል? ሁሉም የተሰፋ ይገዛል። እኔም ውሎዬ አዳሬ ጓዳ ነው።"

"ኮምፒውተሩስ የት ነበር የሚቀመጠው?"

"እዚሁ ነዋ፣ ካውያው አጠገብ።"

ራዲዮ ሠሪው ሳቁን ለቀቀው። እዚያ ውስጥ የተደረደሩ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ነገሮችን በጣቱ እየነካ አሳየው። "እነዚህ አርጅተዋል። እንዳንተ ጉልበት ሳይሞቁ አይነሱም። ካውያህን አግለህ አጠገቡ አቁመው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞክረው።"

"እምቢ ካለስ?"

"እምቢ ካለ አበባ ትከልበት" አለና ሱቁን ክፍት ትቶ ስለመጣ እየሮጠ ተሻገረ።

ልብስ ሰፊው ካውያውን ሰክቶ በሩን ዘጋና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ፊት ለፊቱ ሁለት የደንበኛ ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ላይ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ሱሪ ታጥፎ ተቀምጧል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ይረዝማል እንዴ? ቀስ በቀስ ክፍሉ የተተኮሰ ጨርቅ መሽተት ጀመረ፤ የመስኮቱ መስታወትም ጉም ለበሰ። ተነስቶ ማብሪያውን ተጫነ።

አንዴ ብቻ ጢጥ! ከዚያ ውስጡ የሆነ ነገር ጉርርር ብሎ ዞረ፣ ስክሪኑም በራ። ቀኑ እንደጠፋበት ነገረውና ለመቀጠል ቁልፍ ንካ አለው። ነካ። የደንበኞቹ ዝርዝር ተዘረገፈ። ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ሰፈር ለቀዋል። ከሁሉም በታች፣ መጨረሻ ላይ፣ "እኔ" ይላል።

እኔ። ትከሻ 35፣ ደረት 78፣ እጅጌ 52።

ጨርቁን ዘረጋ፣ ጠመኔውን አነሳ። ሠላሳ አምስትን ለካና ምልክት አደረገ። ደረቱን ሊለካ ሲል ግን ጠመኔው አየር ላይ ቀረ። እሱ እኮ ቁጥር ሲያይ ሰው ነው የሚታየው። ይሄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ልክ ነው! ያቺ ልጅ ዛሬ ሃያ አምስት ሞልቷታል። ልብስ ሰፊ ሆኖ ይሄ እንዴት ይጠፋዋል? ለካ በሐሳቡ አንድ ጣት እንኳ አላሳደጋትም።

ስልኩን አወጣ። ቁጥሯን እህቱ በግድ ጽፋለት ነበር።

"ሃሎ?"

"እኔ ነኝ።"

"አባዬ? ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?"

"ምንም አልሆንኩ። ትከሻሽ ስንት ነው?"

"ምን?"

"ትከሻሽ! ካፖርት ልሰፋልሽ ነው።"

ትሳቅ ታልቅስ የማይለይ ድምፅ ተሰማ። "ሜትር እኮ የለኝም።"

"ገመድ አይጠፋም፤ በሱ ለክተሽ በስንዝር ትነግሪኛለሽ።"

"የቻርጀር አለ።"

"በቃ፣ በጀርባሽ ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ። ሰው ግን ይያዝልሽ፣ ብቻሽን ቀጥ አይልልሽም።"

"ሰው የለም።"

"ጎረቤትስ?"

"አላውቃቸውም።"

"ከሥራ ቦታ አንዷን..."

"አባዬ፣ ሰው የለም እያልኩህ!"

አምስት ዓመት ሙሉ ባኮረፈ ቁጥር የሚታየው፣ እሷ ሰው በሞላበት ቤት እሱን ረስታ ስትስቅ ነበር።

"እንግዲያው መጥተሽ ልለካሽ ነዋ" አለ።

"ፈቃድ ካገኘሁ። ቃል አልገባም፣ እሺ?"

"እሺ። ጨርቁ የትም አይሄድ።"

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ስክሪኑ ዞረ። "እኔ" ከሚለው አጠገብ ትከሻውን አጠፋ፣ ደረቱን አጠፋ፣ እጅጌውን አጠፋ። ኮምፒውተሩ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ሲጠይቀው አዎ አለው። ከዚያ የጠመኔውን ምልክት በእጁ አራግፎ፣ ጨርቁን ሳይቆርጥ ጠቀለለው።