ዘይት የሌላት ወረቀት

የቤተ ሙከራው ሰዎች «ወይዘሪት ጥንቃቄ» ነበር የሚሏት። እጇን ሳትታጠብ የበር እጀታ እንኳን አትነካም እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ትስቅላቸዋለች። ለአለቃዋ ግን ከስድስት ወር ወዲህ ጥርሷን አሳይታው አታውቅም።

አለቃዋ የታላቅ እህቷ ባል ነው፤ ጋሼ ነው የምትለው። ሴጅ ከሚባለው መዓዛማ ቅጠል በእንፋሎት ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረገች አውጥታ፣ ቁስል የሚያመግል ጀርም በተዘራበት የብርጭቆ ሳህን ላይ የሞከረችው እሷ ናት። በዘይቱ የተነከሩት ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ዙሪያቸውን ከጀርም አጽድተው ሰፊ ቀለበት ሲሠሩ፣ በደስታ ሮጣ ደብተሯን ያሳየችው ለጋሼ ነበር። በወሩ ጥናቱ ታትሞ ወጣ፤ በጋሼ ስም፣ በጋሼ ብቻ።

«በቤተሰብ መሀል የኔ ያንቺ ይባላል እንዴ?» አላት። እህቷም «ትዳሬን አትበጥብጪብኝ፣ ዋጥ አድርጊው» ብላ ለመነቻት። ዋጠችው። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የዋጠችው ነገር ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ይፋጃት ጀመር። ስሟን ነበር የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ስታገላብጥ የገዛ ራሷን ስህተት አገኘችው። ዘይቱ ከውሃ ጋር ስለማይስማማ የሚቀጥነው በአልኮል ነው፤ ወረቀቶቹ አልኮሉ ተንኖላቸው፣ በደንብ ደርቀው ነው ሳህኑ ላይ የሚቀመጡት። የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራችበት ሳምንት ግን እህቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የጋሼን ሚስት ለማስታመም ስትጣደፍ እርጥቡን ወረቀት አስቀምጣ ሮጣለች። ለማነጻጸሪያ አልኮል ብቻ የነካው ወረቀትም አልጨመረችም። እንደገና ሞከረችው። የደረቀው ወረቀት የሠራው ቀለበት እንደ ክር ቀጭን ነበር፤ ያ ሁሉ ስፋት የአልኮሉ ኖሯል።

ሄዳ ለጋሼ መንገር ትችል ነበር። አልነገረችውም። ነገሩን እንደ ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቀኑን ጠበቀች።

ቀኑም መጣ። ከዘይቱ የተሠራው የቁስል ቅባት በሚቀጥለው ሳምንት ለሕሙማን ሊሰጥ ስለሆነ፣ ቅባቱን ከሚያመርተው የመድኃኒት ፋብሪካ አንዲት ተቆጣጣሪ ሙከራውን ልታይ ትመጣለች ተባለ። ጋሼ በዋዜማው «እንደ ደብተሩ አድርገሽ አንድ ሳህን አዘጋጂልኝ» አላት።

«እሺ ጋሼ።»

እንደ ደብተሩ አደረገችው፤ ወረቀቶቹን ከነእርጥበታቸው። አንዲት ብቻ ከራሷ ጨመረች።

በማግሥቱ ሳህኑ ላይ አራት ወረቀት፣ አራት ሰፊ ቀለበት ነበር። ጋሼ አዲስ ክራቫት አስሮ፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አዞረው።

«ይኸው! አራቱም እኩል ገድለዋል። ዘይቴ አሳፍሮኝ አያውቅም።»

«አራቱም ዘይት አላቸው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«እንዴታ!»

«ጋሼ» አለች ወይዘሪት ጥንቃቄ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ዘይት የላትም። አልኮል ብቻ ናት።»

ተቆጣጣሪዋ ማስመሪያ አውጥታ ለካች፤ ደግማ ለካች። የጋሼ ግንባር በላብ ወዛ። ወይዘሪት ጥንቃቄ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቀስ ብሎ እንዲያልቅላት ፈለገች፤ ወንበር ስባ ብትቀመጥ ደስ ባላት።

«የሷ ነው!» ብሎ ጮኸ ጋሼ። «እኔ ምን አውቄ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራችው እሷ ናት! ሥራው በሙሉ የሷ ነው!»

ስድስት ወር ሙሉ ይህን ቃል ከሱ አፍ ለመስማት ስትመኝ ኖራለች። ደረቷን ነፋች።

ተቆጣጣሪዋ ወደ እሷ ዞረች። «ስህተቱን መቼ ነው ያወቁት?»

«ከአራት ወር በፊት» አለች በኩራት።

«ቅባቱ ለሕሙማን ሊሰጥ እንደሆነስ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስሜ የለበትማ!»

ተቆጣጣሪዋ የጋሼን ስም ያሰፈረችበትን የጥፋት ሪፖርት ወደ ራሷ ሳበች። ሙሉ ስሟን ጠየቀቻትና፣ ከጋሼ ስም አጠገብ፣ በአንድ መስመር ጻፈችው።