ያልወረደው መንገድ መሪ

ቦምብ ጣዩ አውሮፕላን የመጣው ሰኞ ጧት ነው። መጣና ከጡረተኛው ሻምበል ገረመው ግቢ በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። አላረፈም፣ አልወደቀም፣ አልሄደም። ሞተሮቹ ይሠራሉ፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ ወፍጮ ድምፅ አይበልጥም። ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ጥላው የሻምበልን ግቢ ሸፍኖ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ የጎረቤቱን የወይዘሮ ዲንቄን ግማሽ ግቢ ያዘ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይሄኛው ጉድ ግን ዘግይቶ በኅዳር ነው የመጣው። ኅዳር ደግሞ በርበሬ የሚሰጣበት ወር ነው። ወይዘሮ ዲንቄ በርበሬዋን ሰሌን ላይ አስጥታ፣ ቁርሷን ልትቀምስ ገብታ ስትወጣ ጥላ ወድቆበት አገኘችው። ቀና ብላ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ የሻምበልን በር አንኳኳች።

«ሻምበል፣ ይሄ ነገር የእርስዎ ነው?»

«የመንግሥት ነው።»

«የመንግሥት ቢሆን ቀበሌው ላይ ይቆም ነበር። እርስዎ ጓሮ ምን አመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«በርበሬዬ ይሻግትብኛል እኮ።»

«ይቅርታ፣ ወይዘሮ ዲንቄ።»

ሻምበል ገረመው ውሸታም ነው። ይህን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል፤ ሰውየው ትሑት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ለሰው የሚራራ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። አውሮፕላኑን ገና ሲያየው አውቆታል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ያወቀው በጅራቱ ነው። ጅራቱ ላይ ቀለሙ ከሌላው የማይገጥም አንድ ጥጋኝ አለ። ያ ጥጋኝ ሲለጠፍ ገረመው አጠገቡ ቆሞ ሲቀልድ ነበር፤ ያኔ ወጣት መቶ አለቃ ነበር፣ ካርታ እያነበበ አቅጣጫ የሚያሳየው የዚህ አውሮፕላን መንገድ መሪም እሱ ነበር።

በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ከዚሁ ከተማ ሐይቅ ዳር የሚነሡት ከባድ ቦምብ ጣዮች ከመጀመሪያውም ጥቂት ነበሩ፤ በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ ይበልጥ አነሱ። አንዱ ተራራ መታ። አንዱ አየር ላይ ነደደ። አንዱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አራት አራት ሰው ነበር። በመኮንኖቹ ክበብ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው የማይቀመጥባቸው ወንበሮች እየበዙ ሄዱ፤ አሳላፊው ወንበሮቹን አላነሣም፤ አንሣ ያለውም አልነበረም።

ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የቀረው ይሄ ነው። ያን ዕለት ጧት ገረመው ጆሮዬን አመመኝ አለ። ጆሮው የታመመ ሰው አይበርም፤ ደንብ ነው። በእሱ ቦታ ወዳጁ መቶ አለቃ ሉልሰገድ ገባ። ሉልሰገድ ካገባ ዓመት አልሞላውም። ሲሄድ ለገረመው «ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ አድርግበት» ብሎት ነው የሄደው።

አሁን ሻምበል ገረመው ጓሮው ቆሞ ሲያይ፣ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለው የመስታወት ክፍል ውስጥ ሉልሰገድ ተቀምጧል። አላረጀም። ጉልበቱ ላይ ካርታ ዘርግቶ በእርሳስ እየለካ ነው። ከኋላው ያሉት ሦስት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሻምበል ወደ ቤት ገብቶ መጋረጃውን ጋረደ።

መጋረጃ ግን አላዳነውም። ማክሰኞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አውሮፕላኑ በእግረኛ ፍጥነት ከላይ ከላይ ተከተለው። ዳቦ ቤት ሲቆም ቆመ። ሲመለስ ተመለሰ። ወይዘሮ ዲንቄ ይህን ከአጥር ወዲያ ሆና ታዘበች፤ እሱ በሌለበት ጊዜ ፀሐይ በርበሬዋ ላይ መውጣቱንም ልብ አለች።

«ሻምበል፣ ደብረ ብርሃን ዘመድ አለኝ ብለውኝ አልነበር?»

«አለኝ።»

«እስኪ በርበሬዬ እስኪደርቅ ሄደው ይጠይቋቸው።»

ሻምበል ስላልሄደ ነገሩ እድር ዘንድ ደረሰ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደበላ ሰውን ከሾላው ሥር ሰበሰቡ። አንዱ መሐል መንገድ መቆሙ ለልጆች አደጋ ነው አለ፤ ሌላው መሐል መንገድ ሳይሆን መሐል ሰማይ ነው ብሎ አረመው። አንዲት ሴት ዶሮዎቿ ጭልፊት መስሏቸው ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋ ሥር እንዳልወጡ ተናገረች። ጋሽ ደበላ ሁሉንም ሰሙና መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ላይ አዩ።

«ሰው አለበት» አሉ። «አንድ ብቻ። የቀሩት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሻምበል፣ እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት፤ ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«ለሌሎቹ ያኔ ተለቅሶላቸዋል» አለ ሻምበል ሳያስበው።

«ይሄኛውስ?»

ያልተለቀሰለት ሰው መውረጃ እንደሌለው ከሾላው ሥር የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚያ ነው እድር የተቋቋመው። ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «መርዶውን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ እሱ ራሱ ያውቃል» አሉና ስብሰባውን በተኑ።

መርዶውን የያዘው ገረመው ነበር። ለሦስቱ ቤተሰቦች ሌሎች ሰዎች ሄደው አርድተዋል፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ፎቶና ልብስ ተዘርግቶ ተለቅሷል። ወደ ሉልሰገድ ሚስት ወደ እታፈራሁ የተላከው ግን ወዳጁ ነው ተብሎ ገረመው ነው። ጎሕ ሲቀድ ደረሰ። እታፈራሁ በር ከፈተች፤ ፊቱን አየች፤ «የኔ ሰው ምን ሆነ?» አለችው። በእኔ ቦታ ገብቶ ሞተ ማለት ነበረበት። «ተማርኳል» አላት። «ይመጣል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የገረመው ነገር ግን እያደር ነው የደፈረሰው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ስኳርና ወሬ ይዞ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ቤቷ ይሄዳል። አንድ ዓመት፣ ከምርኮ የተመለሰ ሰው አይቶታል አላት። ሌላ ዓመት፣ እግሩን ታሞ ድኗል። ከዚያ ጢሙን አሳድጓል። ከዚያ ለጠባቂዎቹ ልጆች ሒሳብ ያስተምራል። ከዚያ አንዲት ነጭ ፍየል አለችው፤ ከእጁ ትበላለች። እታፈራሁ ጥቁር አልለበሰችም። ሌላ ባል አላገባችም። ምርኮኞቹ ሁሉ ተመልሰው አለቁ በተባለበት ዓመት እንኳን ገረመው ሌላ አገር ወሰዱት ብሎ አዲስ አገር ፈጠረለት። እሷም ስኳሩን ተቀብላ «ፍየሏስ እንዴት ናት?» ትለዋለች።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሻምበል የቆርቆሮውን ክዳን የሚጠግን መስሎ መሰላል አቁሞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሉልሰገድ የመስታወቱን መስኮት ገፋ አደረገ።

«ገሬ፣ ጆሮህ ተሻለህ?»

ሻምበል የጣሪያውን ጫፍ ጨብጦ ተቀመጠ። ከዚህ ጥያቄ ስድብ በተሻለው ነበር።

«ተሻለኝ።»

«ጎሽ። ሌሎቹ ወርደዋል። እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ የሚነዳው የለም እንጂ። እታፈራሁ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ምን አልካት?»

«ትመጣለህ አልኳት።»

ሉልሰገድ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። «እንግዲያ እሱ ነው የያዘኝ» አለ፤ አልተቆጣም።

«ሉሌ፣ ጆሮዬን አላመመኝም ነበር። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ጥጥ የወተፍኸው በግራ ጆሮህ ነው፤ በእጅህ ይዘህ የምታቃስተው ግን ቀኙን ነበር።»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ገባህ?»

«ቦታህን የሚይዝ ሰው ተጠርቶ ነበራ። በል ጥላው በርበሬ ላይ ነው መሰለኝ፤ ሴትየዋ ደጋግማ ታየኛለች።» መስኮቱን ዘጋና ወደ ካርታው ተመለሰ።

ሻምበል ከጣሪያው እንደወረደ በቀጥታ ጋሽ ደበላ ቤት ሄደ። ቁጭ ይበሉ ቢሉት አልቀመጥም አለ። «መርዶው እኔ ዘንድ ነው» አላቸው። «ሰው ይጥሩልኝ።» ጋሽ ደበላ «የማን ነው?» ብለው አልጠየቁም። ከማን ቤት እንደሚኬድ ብቻ ጠየቁ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው እህል ሳይቀምስ፣ በማለዳ፣ በርከት ብሎ ይኬዳል። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማና አፉን ይይዛል። ሐሙስ ማለዳ ሽማግሌዎቹና ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሐይቁን ዳር ይዘው ሄዱ፤ ሻምበል ከፊት ነበር፣ አውሮፕላኑም ከበላያቸው። አንዱ ሽማግሌ መርዶ በዚህ ዓይነት ተደብቆ አይኬድም ብሎ አጉረመረመ። ልክ ነው።

እታፈራሁ ደጇን ስትጠርግ ደረሱ። ፀጉሯ እንደ ጥጥ ነጥቷል። ሰዎቹን አየች፣ ነጠላቸውን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ አውሮፕላኑን አየች። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ሁለት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«መጣ?» አለች።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ሻምበል ይህን አስቧል፤ አዎ መጣ፣ ያውልሽ ብሎ ወደ ላይ መጠቆም ብቻ ነበር የሚፈጅበት። ሉልሰገድ እርሳሱን አስቀምጦ ወደ ታች እያየ ነበር።

«አልመጣም» አለ ሻምበል። «ሞቷል። ያኔውኑ ነው የሞተው፣ ያን ዕለት። የገባውም በእኔ ቦታ ነው። እኔ ጤነኛ ነበርኩ።»

እታፈራሁ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የመጡት ሴቶች ሊይዟት ተጠጉ፤ በእጇ አቆመቻቸው።

«ጢሙን ያሳደገውስ?»

«እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ ከሆዴ ፈጥሬ።»

«ሒሳብ የሚያስተምረውስ?»

«የለም፣ እታፈራሁ።»

«ፍየሏስ?»

«ፍየሏም የለችም።»

«ሁለት ሰው ነው የገደልህብኝ» አለች። «አንዱን ወጣቱን። አንዱን አብሮኝ ያረጀውን። ለወጣቱ ሌላም አልቃሽ አይጠፋም ነበር፤ ሽማግሌው ግን ከእኔ በቀር ማን አለው?» ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና መጀመሪያ ለሽማግሌው አለቀሰች። ስለ ጢሙ፣ በማያውቀው አገር ስለታመመው እግሩ፣ ከእጁ ስለምትበላው ፍየል እያነሣች አለቀሰች፤ የመጡት ሴቶችም የሌለውን ሰው ያዩት ያህል ተቀበሏት። ሻምበል አጥሩ ጥግ ቆሞ የፈጠረው ሰው ሲለቀስለት ሰማ። ደረቱን መታ፤ ማንም ተው አላለውም።

ለሉልሰገድ ማልቀስ የጀመረችው ድንኳኑ ከተጣለ በኋላ ነው። የሠርጋቸው ዕለት ፎቶ ወጣ፤ ሙሉ ልብሱ ወንበር ላይ ተዘረጋ። ስሙን ስትጠራ ሉልሰገድ ካርታውን በአራት አጠፈ። ቀበቶውን ፈታ፣ የጆሮ ማዳመጫውን መስቀያው ላይ ሰቀለ፣ እንደ ደከመው ሠራተኛ ወገቡን ይዞ ተነሣና በባዶዎቹ ወንበሮች መሐል አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልታየም። አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሐይቁን ተሻገረ፤ ሰውም ዐይኑን ጠርጎ ሲያበቃ ሰማዩ ባዶ ነበር።

ሻምበል ሠልስቱ እስኪወጣ ከድንኳኑ አልተለየም። ውኃ ቀዳ፣ ወንበር ተሸከመ። ሲሰናበት እታፈራሁ ጥቁር ለብሳ በር ድረስ ሸኘችው።

«በመስከረም እንዳትመጣ» አለችው።

«እሺ።»

«ስኳር ይበቃኛል።»

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ወይዘሮ ዲንቄ ወገቧን ይዛ አጥሩ ጋ ትጠብቀዋለች። ሰማዩ ላይ አንዳች ነገር የለም። ጥላው ግን ግቢው ውስጥ አለ። የክንፉ ጫፍ እንደ ቀድሞው የእሷ በርበሬ ላይ አርፏል፤ አፍንጫው ከሻምበል ደጃፍ ፊት ለፊት ነው።

«አውሮፕላኑ ሄዷል አሉ» አለች።

«ሄዷል።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ረሳው?»

ሻምበል ወደ ጥላው አፍንጫ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። መስታወቱ ባለበት ቦታ ብርሃኑ ሳሳ ብሏል፤ በዚያ ውስጥ የአንድ ወንበር ጥላ አለ፤ በወንበሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ካርታ የለውም። ቀኝ ጆሮውን በእጁ ይዟል።

«ሻምበል» አለች ወይዘሮ ዲንቄ በዝግታ፤ «እስኪ ፀሐዩ ላይ ይቁሙ።»

ወደ ፀሐዩ ወጣና ቆመ። እግሩ ሥር ያለው መሬት ንጹሕ ነበር፤ ወደ ግራም፣ ወደ ቀኝም፣ ወደ ኋላም የወደቀ የራሱ ጥላ አልነበረም። ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ ዘረጋ። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ የተቀመጠው ጥላ እጁን ከጆሮው ላይ አላነሣም።