በልጄ መስመር ላይ የፈረምኩት

«ስንት ብላቸው ይሻላል፣ እማዬ?»

ልጄ ስለ ደሞዝ ይህን የምትጠይቀው እኔን ነው። በልብስ ንጽህና ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስተኩስ፣ የሰጡኝን ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ይህን ያህል ይገባኛል ብዬ አላውቅም።

ልጄ በሶፍትዌር ምህንድስና ከተመረቀች ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማትለያት ጓደኛ አለቻት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ «ስንጥር» እንላታለን። ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ደረሳቸው። ደሞዙ ሃያ ሁለት ሺህ ነው፤ እስከ ዓርብ ፈርመው መመለስ አለባቸው። ስንጥር እኛው ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ወዲያው ፈረመች። ልጄ ግን ደብዳቤዋን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እኔ ሠላሳ እላቸዋለሁ» አለች።

«አበድሽ? አንቺ እምቢ ብትይ ስንት ሰው በር ላይ ተሰልፏል!» አለች ስንጥር።

«ይሰለፋ! እዚያ ስድስት ወር በነፃ የተለማመድኩት እኔ ነኝ፣ ሰልፉ አይደለም።»

«እትዬ፣ ይምከሯት እንጂ!» አለችኝ ስንጥር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከስንጥር ጋር ነበርኩ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ግቢ፤ ከገባሽ በኋላ ትጠይቂያለሽ» አልኳት።

«ከገባሁ በኋላማ ማን ይሰማኛል፣ እማዬ?»

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሻወር ውስጥ ሆና ስታንጎራጉር፣ እኔ ደብዳቤውን አነሳሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ አነባለሁ። ቀስ እያልኩ መጨረሻው ጋ ደረስኩ። «ፊርማ» ይላል፤ ከጎኑ ባዶ መስመር አለ።

ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያመጣችልኝ ወረቀት ሁሉ እንዲህ ያለ መስመር ነበረው። ስትመዘገብ፣ ለጉብኝት ስትወጣ፣ ካርድ ስትቀበል፣ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ የማትመው እኔ ነበርኩ። ይህም የወላጅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሁን ስሜን መጻፍ ስለቻልኩ ደግሞ ይህቺን የመጨረሻዋን በጣት አላሳልፋትም አልኩ። ሌላም ነገር በልቤ ነበር፤ አልዋሽም። ተፈርሞ ካገኘችው ሠላሳ የሚሉትን ነገር ትተወዋለች ብዬ ነበር።

ስክሪብቶ አንስቼ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ከመስመሩ አልፈው ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ ድረስ ሄዱ።

ልጄ ፎጣዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ወጣች። «እማዬ… ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈረምኩልሽ።»

ወረቀቱን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እኔ እኮ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው! ሥራ ለመግባትም ወላጅ አምጪ ይሉኛል?»

«ምን ላድርግ፣ የኔ እናት? አጠፋሁ። እኔው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።»

«ትመጫለሽ፤ ግን አንድ ቃል እንዳይወጣሽ» አለች። ፀጉሯን እያደራረቀች ትንሽ አሰበችና፣ «አዲስ ወረቀት ማተማቸው ካልቀረ አዲስ ቁጥር ያትሙበታ» አለች።

የድርጅቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። የተሰጠኝ ወንበር ከሥሩ ጎማ ስላለው በተቀመጥኩ ቁጥር ይሸሻል። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ደብዳቤውን አየች።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ፤ ቃሌን በላሁ።

«እርስዎን ነው እንዴ የቀጠርነው?»

«ልብስ ተኳሽ ከፈለጋችሁማ ነገም እመጣለሁ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ችግር የለውም፣ ሌላ እናትማለን» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

«ከማተምዎ በፊት ስለ ደሞዙ መነጋገር እፈልጋለሁ» አለች ልጄ። ድምጿ ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ ስትል እንደምትናገረው ነበር። «ሠላሳ ሺህ እጠይቃለሁ።»

«ለአዲስ ምሩቅ የምንከፍለው ሃያ ሁለት ነው።»

«ለአዲስ ምሩቅ ልክ ነው። እኔ ግን እዚህ ስድስት ወር ሠርቻለሁ። ደንበኞቻችሁ ቀጠሮ የሚይዙበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እየሠራ ነው። ሌላውን አዲስ ሰው ሦስት ወር ታሠለጥኑታላችሁ፤ እኔ ሰኞ ገብቼ ሰኞ እጀምራለሁ።»

ሴትዮዋ ዝም አለች። ልጄም ዝም አለች። እኔ ግን አልቻልኩም፤ «ሃያ ሁለቱም ይበቃታል» ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ ሳትዞር እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች። አፌን ዘጋሁ።

ኃላፊዋ ተነስታ ወጣች። ከመስታወቱ ወዲያ ከአንድ ጢማም ሰውዬ ጋር ስታወራ አያታለሁ፤ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ያካል። አለቀልን ብዬ ቦርሳዬን ጨበጥኩ።

ተመልሳ ተቀመጠች። «ሠላሳ አይሆንም። ሃያ ሰባት፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና እናየዋለን።»

«ሃያ ሰባቱን ተቀብያለሁ። እንደገና ይታያል የሚለው ግን ደብዳቤው ላይ ይስፈርልኝ።»

ሴትዮዋ አየቻት። «ይሰፍርልሻል» አለች።

ፈርማ ወጥተን ሊፍት ውስጥ ገባን። «አልፈራሽም?» አልኳት።

«ፈርቻለሁ እንጂ! ስክሪብቶው ከእጄ እየተንሸራተተ እኮ ነው የፈረምኩት።»

የዚያኑ ቀን ለስንጥር ስንት እንደተስማማች ነገረቻት፤ አልደበቀቻትም። ስንጥር ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ሄዳ ጠየቀች። «አንቺማ ፈርመሻል» ብለው መለሷት። አምስት ወር እንደሠራች ሌላ ድርጅት ደብዳቤ ላከላት። ሳትፈርም እኛ ቤት ይዛው መጣች፤ ልጄ የኃላፊዋን ቦታ ይዛ እያፋጠጠቻት፣ ስንት እንደምትልና መቼ ዝም እንደምትል ሲለማመዱ ዋሉ።

ስንጥር የጠየቀችውን አግኝታ ሄደች። ልጄ እዚያው ቀረች፤ ደብዳቤዋ ላይ የሰፈረው ስድስት ወር ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።