ቱቦው ውስጥ የቀረው ጨርቅ

መምህሩ የመኪናውን የአየር ፊልትሮ በገዛ እጁ ሊቀይር የተነሳው በአንድ ቀልድ ምክንያት ነው። የሥራ ባልደረባው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "አንተማ ምን አለብህ፤ መኪናህ ባስነጠሰች ቁጥር ለሚስትህ ወንድም ትደውላለህ" አለው። ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ነገሯ ግን ስትከነክነው ሰነበተች።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በሠራበት ጋራዥ "ብሎን" ይሉታል፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ቃል በመፍቻ እንኳ የማይወጣው ሰው። እህቱን "እትዬ"፣ መምህሩን "ጋሼ" ይላል። መኪናዋን ሲሠራ ስለሠራው ነገር ትንፍሽ አይልም፤ እጁን ታጥቦ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። መምህሩን የሚያበግነው ይኸው ዝምታው ነበር። ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው፣ ስለ አየር ግፊት ሰሌዳ ሙሉ የሚጽፍ ሰው፣ የራሱን መኪና ኮፈን ለመክፈት ሌላ ሰው ይጠራል!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲሱን ፊልትሮ ገዝቶ ግቢ ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋበት ክፍል መስኮት ወደ ግቢው ነው የሚያየው። የስፌት መኪናዋን አቁማ ብቅ አለች።

"ወንድሜ ነገ ይመጣ የለ? ምን አስቸኮለህ?"

"ፊልትሮ እኮ ነው፤ የልብ ቀዶ ጥገና አይደለም።"

"እሺ፣ አላርፍ ያለች ጣት ምን ነክታ እንደምትወጣ ታውቃለህ" ብላ ሳቀች። "ጨርቅ ከፈለግህ ከሳጥኑ ውሰድ።"

ከቁርጥራጭ ሳጥኗ አንድ እፍኝ ቢጫ የገበር ጨርቅ ዘግኖ ወጣ።

ሥራው ከጠበቀው በላይ ቀለለው። የፊልትሮውን ሳጥን መቆለፊያዎች አንድ በአንድ አላቀቀ፤ ክዳኑን አነሳ። አሮጌው ፊልትሮ እጥፋቶቹ በአቧራ ተደፍነው፣ መሃላቸው የደረቁ የትንኝ ክንፎች ተሰግስገውባቸው ወጣ። "በዚህ ነው ስትተነፍስ የኖረችው!" ብሎ ለሚስቱ በመስኮት አሳያት። ከዚያ ሳጥኑን ሊጠርግ ሲል አንድ ያነበበው ነገር ትዝ አለው፤ ሲጠርጉ አቧራው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የቱቦው አፍ መደፈን አለበት። አንዱን ቢጫ ጨርቅ ጠቅልሎ ቱቦው ውስጥ ወተፈው። በዚህ ጥንቃቄው ኮራ። ብሎን እንኳ ይህን ሲያደርግ አይቶት አያውቅም።

ሳጥኑን እየጠረገ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የአንድ ተማሪ አባት ነው፤ ልጁ ለምን ወደቀ ብሎ ሃያ ደቂቃ ጨቀጨቀው። መምህሩ ቆሽቱ አርሮ ሲመለስ አዲሱን ፊልትሮ አስቀመጠ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ መቆለፊያዎቹን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ጨርቁ ቱቦው ውስጥ ቀረ።

ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ በቆመችበት ደህና ሠራች።

"ሰማሽ? ድምጿ ከስፌት መኪናሽ አይለይም!"

በማግስቱ መምህሩ የማካካሻ ፈተና ሊፈትን በሌላ መምህር መኪና ሄዶ ሳለ ብሎን እህቱን ሊጠይቅ መጣ። እሷም የባሏን ሥራ እንዲያይላት ለመነችው። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ የቱቦውን ማጥበቂያ ቀለበት ነካ ነካ አደረገና ላላ ብሎ ስላገኘው በካቻቢቴ አጠበቀው።

"ሳጥኑንስ አትከፍተውም?" አለችው።

"ተይ እትዬ። የጋሼን ሥራ ከኋላው ሄጄ መፈተሽ ነውር ነው። ቢሰማ ይከፋዋል።"

ሰኞ ጠዋት ባልና ሚስት አብረው ወጡ። እሷ የሰፋቻቸውን ዩኒፎርሞች ለትምህርት ቤቱ ልታስረክብ ከኋላ ወንበር ከምራቸዋለች። ትምህርት ቤቱ ጋ የሚያደርሰው ዳገት ላይ መኪናዋ ታፈነች። ነዳጅ ሲሰጣት ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ትንፈራገጣለች፣ ጭስ ትተፋለች። መሃል ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን አቀለጠው። በመጨረሻ ወደ ዳር የገፏት የራሱ ተማሪዎች ናቸው፤ አንደኛው ጮክ ብሎ "ግፊት ማለት ይሄ ነው ቲቸር?" ሲል የቀሩት በሳቅ ፈረሱ።

መምህሩ ፊቱ ደም መሰለ። ሚስቱ ልታጽናናው ብላ፣ "ትናንት እኮ ወንድሜ አይቷት ነበር፤ ምንም አላገኘባትም" አለች።

"አይቷት? ነክቷታል?"

"አንዲት ቀለበት አጠበቀ እንጂ…"

ሰውዬው ሌላ ቃል አልጠበቀም። መኪናዋን እዚያው ትቶ በእግሩ ጋራዡ ድረስ ሄደ። ብሎን ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። መምህሩ በባለጋራዡና በደንበኞቹ ፊት ጮኸ። "ሆን ብለህ ነው! ሠርቼ ስላሳየሁ ቀናህ! ትናንት እሑድ፣ እኔ በሌለሁበት ሹልክ ብለህ ገብተህ አበላሸህብኝ!"

ብሎን ከመኪናው ሥር ወጥቶ ዘይት የነካ እጁን ወደ ጎን ይዞ ቆመ።

"ጋሼ፣ ልምጣና ልያት።"

"እጅህን ከመኪናዬ አንሳ!"

ባለጋራዡ ሥራ ቀዝቅዞበት ከሠራተኞቹ አንዱን የሚቀንስበት ሰበብ ሲፈልግ የሰነበተ ሰው ነው። "እሑድ እሑድ ውጭ ትሠራለህ ማለት ነው?" አለ። "የእህቴ ቤት ነው" ቢለውም አልሰማውም። ዓርብ ዕለት አሰናበተው።

መምህሩ ግን እውነቱን ያወቀው ከዓርብ በፊት፣ ሐሙስ ነው። ከሌላ ሰፈር ያስመጣው ባለመነጽር መካኒክ መኪናዋ ዳገቱ ዳር በቆመችበት ሳጥኑን ከፈተ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ ሁለት ጣቱን ከተተና ጠቁሮ የተጨማደደ ቢጫ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ።

"ጌታዬ፣ ጉንፋን ይዟት ነው እንዴ መሐረብ የሰጧት?" ብሎ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ።

መምህሩ ክው አለ። ቅዳሜ፣ ስልኩ፣ ጨርቁን ሲወትፍ፣ ሁሉም ባንዴ መጣለት። በዚያች ሰዓት ጋራዡ ድረስ ሮጦ ቢሄድ ኖሮ ምናልባት ይደርስ ነበር። ግን በእነዚያ ሰዎች ፊት የጮኸው ድምፁ ገና ጆሮው ውስጥ አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጨርቁን ተቀብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተውና ወደ ቤት ገባ።

"ምን ሆና ነው?" አለች ሚስቱ።

"ያ ቀለበት… ከልክ በላይ ተጠብቆ ቱቦውን አንቆት ነው።"

አመነችው። ስታምነው ደግሞ አፈረች፤ ለወንድሟ ደውላ "ጥፋቱ ያንተ ነው አሉ፤ ባክህ መጥተህ ይቅርታ ጠይቀው" አለችው።

ቅዳሜ መጣ። ከሥራ ከተባረረ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ ለእህቱም አልነገራትም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ በሕይወቱ ምናልባት ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

"ጋሼ፣ እኔ ደህና ያጠበቅኋት መስሎኝ ነበር። ስንት ሺህ ቀለበት አጥብቄያለሁ። ግን እጄ ካጠፋ እጄ አጥፍቷል። ይቅር ይበሉኝ።"

መምህሩ ለመናገር አፉን ከፈተ። ሚስቱ ከጎኑ ቆማ በጉጉት ታየዋለች።

"ይሁን፣ አልፏል" አለ።

ብሎን ከዚያ ወዲህ ሞተር አልነካም። ሁለት ጋራዦች ሊቀጥሩት ጠይቀውት እምቢ ብሎ አንድ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እህቱ ለምን ብላ ብትጠይቀው፣ "እጄን አላምነውም እትዬ። አንድ ቀን ፍሬን አጥብቄ ሰው ብገድልስ?" አላት።

ወር ከምናምን በኋላ ባለመነጽሩ መካኒክ ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት መጣ። የማን ቤት እንደሆነ ስለሚያውቅ ያንኑ ቀልድ ደገመላት። "ባለቤትዎ ለመኪናቸው መሐረብ ሰጥተዋት ነበር እኮ፤ ከቱቦው ውስጥ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ!"

ሴትዮዋ መርፌዋን አቆመች።

"መልኩ ምን ዓይነት ነበር?"

"ቢጫ። እንዲህ ያለ የገበር ጨርቅ።"

ባሏ ከሥራ ሲመለስ አልጮኸችም። በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ወንድሜ በማያውቀው ነገር እግርህ ሥር መጥቶ ይቅርታ ሲልህ ዓይንህን በጨው አጥበህ 'አልፏል' አልከው።"

"ልነግረው ነበር፣ እየከበደኝ…"

"ከጆንያ ይከብዳል? ቦርሳህን እንዳታስቀምጥ። አሁኑኑ ሂድ።"

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አገኘው። ብሎን ትከሻው ላይ ጆንያ ነበር፤ መምህሩ ሲናገር አላወረደውም። መምህሩ ሁሉንም ተናገረ፤ ጨርቁን፣ ስልኩን፣ ውሸቱን። ወደ መጋዘኑ ሲመጣ በጋራዡ በኩል አልፎ ባለቤቱን እንደለመነና እሱም ሥራ ስለቀዘቀዘ መልሼ አልቀጥርም እንዳለው ጨምሮ ነገረው።

ብሎን ጆንያውን በዝግታ አወረደና መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

"እና እጄ ምንም አላጠፋም ነበር" አለ።

"ምንም።"

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ መምህር።"

ጋሼ አላለውም። መምህሩ ይህን ልብ ያለው ወደ ቤት ሲመለስ፣ ያ መኪናዋ የታፈነችበት ዳገት ላይ ሲደርስ ነው። መኪናዋ ምንም ሳትቸገር ወጣችው።

ብሎን በሳምንቱ ጆንያውን ትቶ አንድ ሩቅ ጋራዥ ገባ፤ እህቱ ቤት ግን አልረገጠም። እሑድ እሑድ እሷው ትሄድለታለች። መምህሩ ገና ጫማዋን ስታደርግ ቁልፉን ይዞ ይነሳል።

"ላድርስሽ?"

"እግር አለኝ" ትለዋለች፤ የግቢውን በርም ከኋላዋ ትዘጋለች።