እትዬ የደወለችው ስልክ

ብረት በያጁ ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ጀምሮ ያለ ማስታገሻ መተኛት አቃተው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ማዘዝ ሲያቆም ሕመሙ አላቆመም። ያኔ ነው በድብቅ የሚሸጠውን አደንዛዥ ዱቄት የጀመረው።

እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስትመክረው "እሺ እትዬ" ይላል፤ ስታለቅስ አብሯት ያለቅሳል፤ በማግስቱ ያው ነው። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋን ሊሸጥ ሲጎትት ደረሰችበት። ጨክና ለፖሊስ ደወለች።

"ይታሰር። ቢያንስ በሕይወት ይኖርልኛል" አለች ለጎረቤቶቿ።

ከስምንት ወር በኋላ ተፈታ። ፊቱ ሞላ ብሏል፤ ቀልዱም ተመልሷል።

"እትዬ፣ የእስር ቤቱ ምግብ ካንቺ ይሻላል፤ ጨው አይበዛበትም" ሲላት ከት ብላ ሳቀች። እሰይ፣ ልጄ ተመለሰልኝ አለች በልቧ።

በአራተኛው ቀን የድሮ አሠሪው ዘንድ ሄደ።

"እጅህ ወርቅ ነው፤ አልዋሽህም" አለው ሰውየው። "ግን የታሰረ ሰው ቀጠረ ከተባልኩ ደንበኞቼ ይሸሹኛል።"

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ አብሮት ዱቄት ይወስድ ከነበረ ጓደኛው ጋር በቀን የሚከራይ ክፍል ገባ። የወሰደው ዱቄት የድሮውን ያህል ነበር፤ ሰውነቱ ግን በስምንቱ የእስር ወራት መልመዱን ትቷል። ከሰዓት በኋላ አከራይዋ ሬሳውን አገኘችው።

ከቀብሩ አንድ ሳምንት በኋላ ያ ጓደኛው የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቆመ።

"ከንፈሩ ሲጠቁር አይቻለሁ፣ እትዬ። ስልኩንም አንስቼ ነበር።"

"ታዲያ?"

"አምቡላንስ ብጠራ ፖሊስ አብሮ ይመጣል። እኔም ክስ አለብኝ። ሰው ያየዋል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ሮጥኩ።"

ልትረግመው አፏን ከፈተች። እሱ አልደወለም፤ እሷ ደግሞ ለፖሊስ ደውላ ወንድሟን አሳስራለች። ሳትረግመው ወደ ስፌቷ ዞረች። ልጁ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ሄደ።

በማግስቱ መርማሪ ፖሊስ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው የተቀመጠው።

"አብሮት የነበረውን ካወቁ ይንገሩን። እንዲህ ያሉትን ካልያዝን ነገ የሌላዋ ወንድም ይሞታል።"

እሷም በአንድ ወቅት ልክ እንደዚህ ታስብ ነበር። ዛሬም ዱቄቱን የሚሸጡትን ብታገኝ በጥርሷ ትዘነጥላቸዋለች።

"አላውቅም" አለችው።

ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ደግ ትሥራ ክፉ፣ ለራሷም አልገባትም። ደንበኛ ሲያንኳኳ ሰማች፤ አልተነሳችም።