የአዋላጇ ቃታ

ጠመንጃ ጠጋኙ ረጋ ያለ ሰው ነው ብሎ የማይመሰክርለት የለም። የሚስቱ እናት በሱቁ በር ብቅ ሲሉ ግን የያዘውን ካቻቪቴ የት እንደሚያስቀምጠው ይጠፋዋል። ሴትዮዋ ክፉ ሆነውበት አይደለም። አርባ ዓመት በአዋላጅነት ስለሠሩ የተጨነቀ ሰው ሲያዩ ማዘዝ ይቀናቸዋል፤ እሱ ደግሞ እሳቸውን ሲያይ ይጨነቃል።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ረጅም ሣጥን አቅፈው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። የሟች ባለቤታቸው ጠመንጃ ነው፤ ሁለት አፈሙዝ የተደራረበበት፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የወዛ። ሽማግሌው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አዋላጇ የሟቹን የአባልነት መታወቂያ ሊመልሱ ወደ ተኩስ ክበቡ የሄዱ ዕለት አንዱ አባል “እስቲ አንዴ ይሞክሩ” ቢላቸው፣ ማሽን ወደ ሰማይ የወረወራትን የሸክላ ሳህን በመጀመሪያው ተኩስ አደቀቋት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ማን ይያዛቸው!

“ልጄ፣ ይሄን ቃታ ከመሳብ መንታ ማዋለድ ይቀላል” አሉት፣ መገጣጠሚያው ያበጠ ሌባ ጣታቸውን እያሳዩ። “ቁርጥማቱም አለ፣ ዕድሜውም አለ፤ ግን ጥፋቱ የጣቴ ብቻ አይደለም። ስስብ፣ ስስብ ሳህኗ ወርዳ ሣር ላይ ትጋደማለች። ቅዳሜ ደግሞ ውድድር አለብኝ።”

“ይቀመጡ እማማ፤ እስቲ ልየው።”

ጠመንጃውን ሰበር አድርጎ ሁለቱም አፈሙዝ ባዶ መሆኑን አየ፤ እንደ ልማዱ ደግሞ አየ። ከዚያ የመለማመጃ ባዶ ጥይት አጉርሶ ዘጋውና ባለ መንጠቆውን ሚዛን ቃታው ላይ አንጠልጥሎ ቀስ እያለ ሳበ። መርፌዋ ሁለትን አለፈች፣ ሦስትን አለፈች፤ ክንዱ ሲወጠር ነው ውስጡ ቀጭ ያለው።

“ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።”

“እሰይ!” አሉ አዋላጇ። “ደልደል ያለ ጤነኛ ልጅ ነው!”

እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ብሎኖቹን ፈትቶ የጠመንጃውን ሆድ እስኪከፍት ድረስ ብቻ ነበር። ቃታውን የሚገፋው ሞላ የዚያ ጠመንጃ አልነበረም። ከሌላ ወፍራም ሞላ ተቆርጦ፣ ጫፉ በሞረድ ተበልቶ፣ በግድ የገባ ነው። ጥይቱን የሚመታውን መዶሻ ይዞ የሚያቆየው ጥርስም ሻካራ ነው። “የትኛው ደንቆሮ ነው…” ብሎ ጀመረና ሞላውን ወደ ብርሃን አስጠጋው። የሞረዱን አካሄድ አወቀው። ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ አጋድሎ የሚሞርድ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ራሱን።

ነገሩ ድቅን አለበት። ያኔ ሱቁን ከከፈተ ዓመት አልሞላውም፤ የሽማግሌውን ልጅ ለማግባት ያስባል፣ ለመጠየቅ ግን ወኔው የለውም። አባትየው ይህንኑ ጠመንጃ ይዘው መጥተው “ሳልነካው ይተኩሳል፤ አንድ ቀን እግሬን ያሳጣኛል” አሉት። እሱም የወደፊት አማቱን ከሞት አተርፋለሁ ብሎ፣ የመኪና በር የሚዘጋ የሚመስል ሞላ ከተተበት። ሽማግሌው እዚያው ሳቡት፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። “እንዲህ ነው ሥራ!” ብለው ወጡ። ዘጠኝ ዓመት ተኮሱበት፤ አንድም ቀን ቅር አለኝ አላሉም።

“ምነው? ሙት አየህ?” አሉት አዋላጇ።

መዋሸት ይችል ነበር። ሞላው አርጅቶ ነው ቢል ማን ያውቅበታል? አንገቱን ደፍቶ ግን “እማማ፣ ይሄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አለና ሁሉንም ዘረገፈላቸው።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብሎ ሲደነግጥ፣ ለካ ሳቁ አፍኗቸው ኖሯል።

“አውቃለሁ እኮ! ቅዳሜ ማታ ማታ ጣቱን ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዝፍ ነበር። ‘ብርዱ ነው’ ይለኛል፣ በጠራራ በጋ! ‘ለምን ለልጁ አትነግረውም?’ ብዬ ብጠይቀው፣ ‘ጠመንጃውን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። አሁን ባሳፍረው ሁለተኛ ደጃችን አይደርስም፤ ልጅቷ ደግሞ ልቧ ሄዷል። የኔ ጣት ይቻለው’ አለኝ።”

ጠጋኙ ልሳቅ ላልቅስ ሆነበት። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ፣ የሚፈልገው ዕቃ ዓይኑ ሥር እያለ ብዙ ቆፈረ።

ልኩን ሞላ አስገባ፤ ሻካራውን ጥርስ ቅርጹን ሳይነካ ለስለስ አደረገው፤ ድሮ ሳይነካ እንዲተኩስ ያደረገውን የላላ ብሎንም አጠበቀ። እንደገና ሲመዝን አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሆነ።

“ይሄኛው ያለ ጊዜው የተወለደ ነው” አሉ። ሞክረውት ዓይናቸው በራ። “ወይ ጉድ! ቅቤ ሆነ። እስቲ ወደ አንድ ኪሎ አውርደው።”

“አይሆንም እማማ።”

ካፉ ካመለጠው በኋላ እሱ ራሱ ደነገጠ። በአሥር ዓመት ትዳር አይሆንም ብሏቸው አያውቅም።

“እምቢ አልከኝ?”

“አዎ።” ባዶውን ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሰደፉን በጎማ መዶሻ ደጋግሞ መታው፤ ውስጡ ቀጭ አላለም። “ሲወድቅም ሲጋጭም እንዲህ ዝም ማለት አለበት። ከዚህ ካቀለልኩት ለዚህ ዋስትና የለኝም። አንዴ በፍርሃት አበላሽቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በይሉኝታ አላበላሸውም።”

ጠመንጃውን ሣጥኑ ውስጥ እያጋደሙ አዩት። “ለልጄም እንዲህ እምቢ ትላታለህ?”

“ኧረ የት አባቴ!”

ቅዳሜ ባልና ሚስት አጅበዋቸው ሄዱ። ክበቡ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋ ሳህን ስትወረወር አዋላጇ በለመዱት ጉልበት ሳቡና ዓይናቸው ሳህኗ ላይ ሳያርፍ ጠመንጃው ጮኸ፤ ከገደሉ አፈር ተበተነ። “ሳላዘው!” ብለው ተቆጡ። ሁለተኛዋንም ሳቱ። ሦስተኛዋ ላይ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ሳህኗ ዱቄት ሆነች። ከሃያ አምስቱ አሥራ ዘጠኙን ሰብረው ሦስተኛ ወጡና ትልቅ ጃንጥላ ተሸለሙ። ልጃቸው ድምጿ እስኪዘጋ እልል አለች።

ከዚያ ባማቻቸው የኮሩትን ሴት ማን ያስቁማቸው! ጃንጥላውን እያወዛወዙ ያገኙትን ሁሉ ወደሱ ጎተቱ። እሱ ሰው በከበበው ቁጥር ላብ በላብ ሲሆን፣ “ሰኞ ሁለት ሰዓት ኑ፤ ተራ እኔ አስይዛለሁ” አሏቸው።

ቀልድ መስሎት ነበር። ሰኞ ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ አዋላጇ የራሳቸውን ወንበር ይዘው በሩ ላይ ደርሰዋል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን አቅፎ ፊታቸው ቆሟል።

“አይዞህ፣ አትጨነቅ” ይሉታል። “ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስቸግርህ?”