ገና ያልተሠራ ኃጢአት

ሜልባ ባሏን በግራ ጎኑ አዞረችና የመኝታ ቁስሉን በለብ ባለ ውሃ አጠበችለት። ዊልሞር ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሲለቅም ውሎ ከባሕሩ ወለል ተጣድፎ በመውጣቱ የጠላቂዎች ሽባነት ከያዘው ቀን ወዲህ ከወገቡ በታች የእሱ አይደለም።

«ዛሬ ዓርብ ነው አይደል?» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ።

«ዓርብ ነው።»

«ለአንቲ ሩፊና ምን ልትነግሪያቸው ነው? ባሌ እንደ በሬ ይከብዳል በያቸው።»

«እሱንማ ያውቃሉ። ባለፈው ስናነሳህ ወገባቸውን ይዘው ነው የሄዱት።»

ዊልሞር ሳቀ። ሳቁ ግን ሆዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ኖርቪን ትናንት ዓሣ አመጣ?»

«አመጣ።»

«ደግ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አረፋዬን ሲከተል ኖረ። አሁን የሚከተለው አረፋ ቢያጣ ዓሣ ያመላልሳል።»

ጠላቂ ሁሉ ከላይ በታንኳ ሆኖ አረፋውን እያየ የሚከተለው ቀዛፊ አለው። የዊልሞር ቀዛፊ ኖርቪን ነበር። በዚያን ቀንም ከውሃ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። የሜልባ ታንኳ በስብሶ ከተጣለ ወዲህ፣ ሰኞ ሰኞ በመንደሩ ዳር ካለው ሐይቅ ማዶ ወዳለው የካሳቫ ማሳዋ የሚያሻግራትም እሱ ነው። ሚስቱ ሞታ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ቤቱም እዚያው ማዶ፣ ከሰው ርቆ ነው።

ባለፈው ሰኞ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ «የሚመጣው ሰኞ ካሳቫውን ተይው፤ እኔ ቤት እንዋል» አላት። እሺም እምቢም አላለችም። ጆሮዋ ግን ሞቀ።

እናቷ ሲቀበሩ እንኳ አላለቀሰችም ነበር፤ የለቀስተኛው ሳህን ይበቃ እንደሆነ ስታስብ ቀብሩ አለቀ። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር አፏ ይንቀሳቀሳል። ስትጸልይ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ እዚያው ጉልበቷ ሥር የሚወድቅ ይመስላታል። ስለዚህ ጆሮዋ ሲሞቅ ደነገጠች። ሌሊቱን ሙሉም እየዳሰሰችው አደረች።

ከጌታ እራት በፊት ባለው ዓርብ ሞራቪያን የሚባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ፓስተሩ በወር አንዴ ብቻ በጀልባ ስለሚመጡ ጠያቂዋ የቤተ ክርስቲያኗ ረዳት፣ ሰው ሁሉ «አንቲ»፣ አክስቴ፣ የሚላቸው አሮጊቷ ሩፊና ናቸው። ብዙ ሰው «ሰላም ነኝ» ብሎ ይወጣል። ያጠፋ ጥፋቱን ተናግሮ ለጊዜው ኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ኅብስቱም ያልፈዋል።

አንቲ ሩፊና ኮኮናት እየፋቁ ነበር። «ግቢ ልጄ። እዚያኛው ላይ አትቀመጪ፣ እግሩ ተሰብሯል። ከእግዚአብሔርና ከሰው ጋር ሰላም ነሽ ወይ?»

«እስከ ዛሬ ሰላም ነኝ፣ አንቲ።»

«እስከ ዛሬ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ሰኞ ኃጢአት ልሠራ ነው።»

አሮጊቷ ኮኮናቱን አስቀመጡት። «ሰው የሠራውን ነው እኮ የሚናገረው! ያልሠራውን ኃጢአት ይዞ የመጣብኝ የለም። የት ወንበር ላስቀምጥሽ?»

«እኔም አላውቅም።»

«ከማን ጋር ነው?»

«ከኖርቪን።»

«ሆ! ከዚያ ጥርሰ ወላቃ?»

«ከእሱ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ምንም የምወደው ነገር የለኝም፣ አንቲ። ሲያናግረኝ ጆሮዬ ሞቀ። ዊልሞር ከወደቀ ወዲህ የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው። ባሌን ጥዬ አልሄድም፤ አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ። ሰኞ ብቻ…»

ሜልባ ቁጣ ጠበቀች። አንቲ ሩፊና ግን እጃቸው ላይ የቀረውን ፍቅፋቂ አራገፉና፣ «እግዚአብሔርስ ምን አለሽ?» አሏት።

«አታመንዝሪ ይላል። ሌላ ምንም አይለኝም። ስለምነው ዝም ነው።»

«ብዙ ነገር ላይ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ግን ተናግሯል።»

«ብተወው ሌላ የሚያሞቅ ነገር ይሰጠኛል?»

አሮጊቷ ኮኮናቱን መልሰው አነሡ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ። ይሰጥሻል ብዬ ከዋሸሁሽ እኔም ኋላ ወንበር መቀመጤ ነው።»

«እሑድ ልቀበል ታዲያ?»

«ገና አልሠራሽምና አልከለክልሽም። ግን ከተቀበልሽ ሰኞን ትተሽ ተቀበዪ። ሁለቱን ባንድ እጅ አትይዢም።»

እሑድ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ኅብስቱን እንደ ተሰጠ የሚበላ የለም፤ ለሁሉም እስኪዳረስ በመዳፍ ይዞ ይቆያል። ሳህኑ ሲመጣ ሜልባ እጇን ዘረጋች። ሳትወስን ነበር የዘረጋችው። ኅብስቱ ላቧን እየጠጣ ይለሰልስ ጀመር። ሳህኑ ወደ ወንዶቹ ረድፍ ተሻገረ። ኖርቪን ተቀበለና ዞር ብሎ አያት። እሱ ለአንቲ ሩፊና «ሰላም ነኝ» ብሎ መሆን አለበት።

ኅብስቱን ኪሷ ብትጨምረው የሚያያት የለም። የነገው መሻገሪያ፣ የቤቱ ደጅ፣ የእጁ ሙቀት፣ ሁሉም እንዳለ ይቆያል። ፓስተሩ «እንብላ» ሲሉ ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ወደ አፉ አደረገ። ሜልባም ሰኞን ተወችና በላች። ደስታም ሐዘንም አልተሰማትም፤ ኅብስቱ ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

ኖርቪን ደጅ ላይ ጠበቃት። «ነገ ማልጄ ልምጣ?»

«አትምጣ። ነገም፣ ሌላም ሰኞ።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«ገና ምንም አላደረግኸኝም።»

«ካሳቫሽስ? በዋና ልትሻገሪ ነው?»

«የአንቲ ሩፊናን ታንኳ እዋሳለሁ።»

«ያ እኮ ታንኳ አይደለም፣ ወንፊት ነው!»

«እየጨለፍኩ እሄዳለሁ። ዓሣውን ለጓደኛህ ስትል ካመጣህ ለራሱ ስጠው፤ እኔ ጓሮ እሆናለሁ።»

ኖርቪን ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «እንዲህ እንደ ግንድ ደርቀሽ ስትኖሪ እግዚአብሔር ደስ ይለዋል?»

«ደስ ይበለው አይበለው አልነገረኝም። አትሥሪ ነው ያለኝ።»

እሱም ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ጆሮዋን ነካችው። እንደ ሌላው ገላዋ ሆኗል።

ሰኞ ጧት ዊልሞርን አብልታ የተዋሰችውን ታንኳ ወደ ውሃው ገፋችው። በኖርቪን ታንኳ ነፋሱ ሳይነሣ ነበር የሚደርሱት። አሁን ከሐይቁ መሐል ሳትደርስ ተነሣባት። ክንዷ ዛለ፤ ውሃው ከሥር እየገባ ቁርጭምጭሚቷን ሸፈነው። በስተቀኝ የኖርቪን ቤት ታየ። በሩ ክፍት ነው፤ ከኩሽናው ጭስ ይወጣል። ቤቱን አየችው፤ ላለማየት ፊቷን አላዞረችም። ወደዚያ ብትታጠፍ ነፋሱ ራሱ ይወስዳት ነበር።

መቅዘፊያዋን አስቀምጣ በቅል ውሃውን ጨለፈች። ጨልፋ ቀና ስትል ነፋሱ ብዙ ወደ ኋላ መልሷታል። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና የታንኳውን ጫፍ ወደ ማሳዋ አቅንታ እንደገና መቅዘፍ ጀመረች።